ደብረ ብርሃን ላይ የቀዘቀዘው ኤሲ ሸዋ ሮቢት ላይ ለምን ይሞቃል? ዕቃ ከተቀየረ በኋላ የመኪና ኤሲ እንዴት ይፈተሻል?

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማበር አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መኪና መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ ከደጋ ቆላ ይገባል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚጥልባት ከተማ ናት። ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ መግባት ራሱ ድፍረት ይጠይቃል። ለመኪና ኤሲ ከዚህ መንገድ የከበደ ፈተና የለም።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ደጋው ላይ የኤሲ ኮምፕሬሰር አስቀይሬ ነበር። ዕቃው ተገጠመ፣ ጋዝ ተሞላ፣ ባለሙያው እጄን ይዞ ወደ አየር መውጫው አስጠጋና «ይኸው፣ በረዶ አይደለም እንዴ?» አለኝ። በረዶ ነበር፤ ነገር ግን ያን ዕለት ጠዋት ከመኪናው ውጭ የነበረውም አየር በረዶ ነበር። ቁልቁል መንገዱ ላይ ያለችው አርማኒያ ከተማ ስንደርስ መስኮት ከፈትን። ሸዋ ሮቢት ስንገባ ኮምፕሬሰሩ ቀጭ ብሎ ይይዛል፣ ትንሽ ይቆይና ይለቃል፤ የሚወጣው አየርም ለብ ያለ ነው። ያየው ሰው ሁሉ «ጋዝ አንሶታል፣ ይጨመርለት» አለ። ስህተቱ ሌላ ነበር፤ ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ኤሲ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

ለመሆኑ ኤሲ ቅዝቃዜውን ከየት ያመጣዋል?

ኤሲ ቅዝቃዜ አያመርትም፤ ከመኪናው ውስጥ ሙቀት እየቀዳ ውጭ ይደፋል። ይህን የሚያደርገው ፈሳሽ ወደ ትነት ሲለወጥ ከአካባቢው ሙቀት የሚወስድ በመሆኑ ነው። ነርስ መርፌ ከመውጋቷ በፊት ክንዳችንን በአልኮል ስትጠርግ የሚሰማን ቅዝቃዜም ከዚሁ የመጣ ነው፤ አልኮሉ እየተነነ የክንዳችንን ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

ፈሳሽ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ የሚወስነው በላዩ ላይ ያለው ግፊት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል፤ የባቄላ ንፍሮ ከቆላው ይልቅ ደጋው ላይ ብዙ ማገዶ የሚፈጀውም ለዚህ ነው። ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ በቀላሉ ይፈላል፤ ግፊት ሲጨምር ደግሞ ትነቱ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። ይህችን አንዲት ነጥብ የያዘ አንባቢ የቀረውን ሁሉ ሳይቸገር ይከተላል።

በመኪናው ውስጥ የሚዞረው፣ በልማድ «ጋዝ» ወይም «ፍሪዮን» የምንለው ነገር፣ በአብዛኞቹ ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በተሠሩ መኪኖች ውስጥ አር-134ኤ የሚባለው ነው። በባሕር ጠለል ላይ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ከእሱ በፊት የነበረው አር-12 የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በ1987 (እ.ኤ.አ.) በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከአገልግሎት እንዲወጣ ተደርጓል፤ በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ብዙ መኪኖች ደግሞ አር-1234ዋይኤፍ በሚባል ሌላ ጋዝ ይሠራሉ። አንዱን በሌላው መተካትም ሆነ መቀላቀል አይገባም።

ጉዞው እንዲህ ነው። ከሞተሩ ጋር በቺንጋ የተያያዘው ኮምፕሬሰር ጋዙን ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀ ጋዝ ደግሞ በጣም ይሞቃል። ከራዲያተሩ ፊት ለፊት የተገጠመው ኮንደንሰር ያን ሙቀት ለውጭው አየር አስረክቦ ጋዙን ፈሳሽ ያደርገዋል። ፈሳሹ ድራየር በሚባለው፣ እርጥበት በሚመጥና ቆሻሻ በሚያጣራ ዕቃ ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ኤክስፓንሽን ቫልቭ በተባለ ጠባብ ቀዳዳ ተገፍቶ ሲወጣ ግፊቱ በድንገት ይወድቃል። ግፊቱ የወደቀው ፈሳሽ ከዳሽቦርዱ ሥር በተደበቀው ኢቫፖሬተር ውስጥ እየፈላ በላዩ የሚነፍሰውን አየር ሙቀት ይወስዳል፤ ተንኖም ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። እኛ ዘንድ የሚደርሰው በኢቫፖሬተሩ ላይ አልፎ ሙቀቱን የተነጠቀው አየር ነው።

ዕቃው አዲስ ሆኖ ሳለ ለምን አይቀዘቅዝም?

ኤሲ አንድ የተዘጋ መስመር ነው። አምፖል ሲቃጠል አምፖሉን ቀይሮ መሄድ ይቻላል፤ ኤሲ ላይ ግን አንድ ዕቃ ለመቀየር መስመሩ መከፈት አለበት፤ መስመሩ ሲከፈት ደግሞ መግባት የሌለበት ይገባል፣ መውጣት የሌለበት ይወጣል። ከቅየራ በኋላ የሚመጣው ጣጣ በአብዛኛው አዲሱ ዕቃ ውስጥ ሳይሆን መስመሩ ውስጥ ባለው ነገር ላይ ነው።

አንደኛው አየር ነው። አየር በኮንደንሰሩ ውስጥ እንደ ጋዙ ፈሳሽ አይሆንም፤ ቦታ ይዞ ይቀመጥና ግፊቱን ያንረዋል። ከአየሩ ጋር የሚገባው እርጥበት ከዚህ ይብሳል፤ ምክንያቱም አንዲት የውሃ ጠብታ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ጠባብ ቀዳዳ ላይ ደርሳ በረዶ ከሆነች መንገዱን ትዘጋለች። ኤሲው ለአሥር ደቂቃ ያህል ጥሩ አድርጎ ያቀዘቅዝና ድንገት ሙቅ አየር ይነፍሳል፤ አጥፍተው ጥቂት ሲያቆዩት በረዶው ይቀልጥና እንደገና ያቀዘቅዛል። «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል» ተብሎ ለኤሌክትሪሺያን ከሚወሰዱት መኪኖች ውስጥ የዚህ ዓይነቶቹ አይጠፉም። ውሃው ውሎ ሲያድር ከዘይቱና ከጋዙ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም አሉሚኒየሙን ከውስጥ ይበላዋል።

ስለዚህ ነው መስመሩ በተከፈተ ቁጥር ድራየሩ ይቀየር የሚባለው። ድራየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት መጣጭ እንክብል ክዳኑ ተነስቶ ጠረጴዛ ላይ ካደረ እንደ ረጠበ ስፖንጅ ነው፤ አዲስ ቢሆንም ሥራውን ጨርሷል። ጠንቃቃ ባለሙያ የድራየሩን መድፈኛ የሚያነሳው ሌላው ሁሉ ከተገጠመ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው።

ሁለተኛው ዘይት ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አንድ ቦታ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ከጋዙ ጋር አብሮ መስመሩን ሁሉ ይዞራል። በአንድ አነስተኛ መኪና ውስጥ ያለው ጠቅላላ ዘይት ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር አካባቢ ስለሆነ ትንሽ ስህተት ብዙ ነው። ኮንደንሰር ሲቀየር አሮጌው ውስጥ የቀረው 30 ወይም 40 ሚሊ ሊትር አብሮ ይጣላል፤ ካልተተካ ኮምፕሬሰሩ ይደርቃል። በሌላ በኩል ብዙ አዳዲስ ኮምፕሬሰሮች ለመስመሩ ሁሉ የሚበቃ ዘይት ይዘው ስለሚመጡ፣ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ሳይታሰብ እንዳሉ ከተገጠሙ ዘይቱ ይበዛና የኢቫፖሬተሩን ግድግዳ ሸፍኖ ሙቀት እንዳያልፍ ያግደዋል። ትክክለኛው መንገድ ከወጣው ኮምፕሬሰር ውስጥ ያለውን ዘይት አፍስሶ መለካትና ለአዲሱ ያንኑ ያህል መተው ነው። ደግሞም ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ ክዳኑ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጣሳ ለምንም አይሆንም።

ሦስተኛው ብረት ነው። አሮጌው ኮምፕሬሰር ተፈጭቶ ከሞተ ፍጫፊው መስመሩ ውስጥ ተበትኗል። የወጣውን ቱቦ ጫፍ በነጭ ጨርቅ ጠርጎ ማየት በቂ ነው፤ ጨርቁ ላይ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ቅባት ከታየ አዲሱን ኮምፕሬሰር ብቻ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ በሳምንታት ውስጥ እሱም ይከተላል። ቱቦዎቹ መታጠብ፣ ድራየሩና ኤክስፓንሽን ቫልቩ መቀየር አለባቸው። የዛሬዎቹ ኮንደንሰሮች መተላለፊያቸው እንደ ፀጉር ቀጭን ስለሆነና አጣቢው ፈሳሽ ያልተዘጋውን መንገድ ብቻ እየመረጠ ስለሚያልፍ እጥበት አያጸዳቸውም፤ ይቀየራሉ።

ቫክዩም ማድረግ ምንድን ነው? ደብረ ብርሃን ላይስ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ለምን 30 ላይ አይደርስም?

ጋዝ ከመሞላቱ በፊት መስመሩ በፓምፕ ይመጠጣል፤ ቫክዩም ማድረግ የሚባለው ይህ ነው። አየሩን ማስወጣት የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ውሃውን ማፍላት ነው። ግፊቱ እጅግ ሲወርድ መስመሩ ውስጥ የቀረው እርጥበት በተራ የቀን ሙቀት ይፈላና በፓምፑ በኩል ተንኖ ይወጣል።

እዚህ ላይ ደጋው ሁለት ወጥመድ ያጠምዳል። የመጀመሪያው የቁጥር ነው። በብዙ መመሪያዎች ላይ የሚታየው «ጌጁ 29 ወይም 30 ኢንች የሜርኩሪ ቫክዩም ላይ ይድረስ» የሚለው መጠን ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ፓምፑ ፍጹም ባዶ ቢያደርገው እንኳ ጌጁ የሚያነበው ከ21 ኢንች ብዙም አያልፍም፤ ሸዋ ሮቢት ላይ 25 ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን ፓምፕ «ደከመ» ብሎ ይጥላል፤ ወይም የሌለ ፍሳሽ ሲፈልግ ይውላል።

ሁለተኛው የብርድ ነው። ውሃ በ25 ዲግሪ ሙቀት የሚፈላበት ግፊት በ10 ዲግሪ ከሚፈላበት ግፊት ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። በሌላ አነጋገር በብርድ ጠዋት እርጥበቱን ለማስወጣት ፓምፑ እጅግ ጠልቆ መሳብ አለበት። አንዳንድ ቦታ እንደሚደረገው ከአሮጌ ማቀዝቀዣ በተነቀለ ኮምፕሬሰር ቫክዩም ሲደረግ አየሩ ይወጣል፤ ያን ያህል ጠልቆ መሳብ ስለማይችል ውሃው ግን ይቀራል። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ሞተሩን አስነስቶ የኮፈኑን ውስጥ ማሞቅ፣ ሥራውን ረፋድ ላይ መጀመር፣ ፓምፑንም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ማቆየት ነው።

ፓምፑ ከጠፋ በኋላ የጌጁ ቀስት ባለበት ከቆመ መስመሩ አያፈስም ይባላል። ይህ ፈተና የሚያጋልጠው ትልልቁን ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ቫክዩም ላይ ያለው የግፊት ልዩነት ደብረ ብርሃን ላይ 0.7 ባር (አንድ ባር የባሕር ጠለል የአየር ግፊት ያህል ነው) ሲሆን ኤሲው ሲሠራ ግን ቱቦው ከ15 ባር በላይ ሊሸከም ይችላል። ትንንሽ ፍሳሽ የሚገኘው ናይትሮጅን ሞልቶ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ አረፋ በመፈተሽ ነው። በናይትሮጅን ፈንታ ኦክስጅን መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ ኦክስጅንና የኮምፕሬሰር ዘይት በግፊት ሲገናኙ ይፈነዳሉ።

ጋዙ ስንት መሆን አለበት?

መልሱ ኮፈኑ ሥር ተለጥፏል። በአነስተኛ የቤት መኪኖች ላይ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ400 እስከ 600 ግራም ሲሆን፣ ከኋላም ማቀዝቀዣ ያላቸው ሚኒባሶች ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ወይም የሚያልፍ ይይዛሉ። መጠኑ በግራም የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጋዝ የሚሞላው በሚዛን ነው።

ታዲያ ብዙ ቦታ ግፊት እየታየ ለምን ይሞላል? የሚቀል ስለሚመስል ነው። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ያለው ቤት ግን የዚህን ስህተት ምንነት ያውቀዋል። ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ምድጃው እኩል ይነዳል፤ ግማሽ ይሁን ሩብ እሳቱን አይቶ የሚያውቅ የለም፤ የሚታወቀው ሲሊንደሩን ብድግ አድርጎ ክብደቱን በመገመት ነው። አር-134ኤም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የሚታየው ግፊት የሚናገረው ስለ ሙቀቱ እንጂ ስለ መጠኑ አይደለም። በ15 ዲግሪ ቀን ደብረ ብርሃን ላይ ጌጁ 4.2 ባር ያህል ያነባል፤ ውስጡ 250 ግራም ቢኖርም 600 ግራም ቢኖርም ንባቡ ያው ነው። ያው መኪና በ35 ዲግሪ ሸዋ ሮቢት ላይ ቢቆም 8 ባር ያሳያል።

ኤሲው እየሠራ የሚነበበው ግፊትም ከውጭው ሙቀት ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ከፍተኛው ግፊት በ30 ዲግሪ ቀን ከ13 እስከ 15 ባር አካባቢ ቢሆን ጤነኛ ነው፤ በደብረ ብርሃን ቅዝቃዜ ግን ከ10 ባር በታች ቢሆን አያስደንቅም። የእኔ መኪና ላይ የተደረገው ይኸው ነበር። ባለሙያው በቃሉ የያዘው ቁጥር የሞቃት አገር ቁጥር ስለነበር፣ ከፍተኛውን ግፊት የሚያነበው ቀዩ ጌጅ እዚያ እስኪደርስ ድረስ በብርዱ ጠዋት ጋዝ ሲጨምር ቆይቷል። በኋላ ሌላ ጋራዥ ውስጥ ጋዙን ስቦ በሚመዝን ማሽን ሲወጣ፣ 450 ግራም የሚል በተለጠፈባት መኪና ውስጥ የተገኘው ከ650 ግራም በላይ ነበር። ደጋው ላይ ትርፉ ጋዝ ጉዳቱ አልታየም። ቆላ ሲወረድ ግን ኮንደንሰሩ በፈሳሽ ታጭቆ ሙቀት የሚያስረክብበት ቦታ አጣ፤ ግፊቱ 30 ባር አካባቢ ሲደርስም ኮምፕሬሰሩን ከመፈንዳት የሚጠብቀው የግፊት ማብሪያ ማጥፊያ አጠፋው። የመያዝና የመልቀቁ ምስጢር ይህ ነበር። «ይጨመርለት» ያሉትን ብሰማ ኖሮ ይብስበት ነበር።

ስለ ጋዙ ምንነትም አንድ ነገር መባል አለበት። ሲሊንደር ላይ የተጻፈ ሁሉ በውስጡ አለ ማለት አይደለም። በ2011 (እ.ኤ.አ.) በአር-134ኤ ስም የተሸጠ፣ ሜቲል ክሎራይድ የተቀላቀለበት ጋዝ የተሞላባቸው የመርከብ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ፈንድተው ሰው ገድለዋል፤ ሜቲል ክሎራይድ ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ በራሱ የሚቀጣጠል ነገር ይፈጥራልና። የማብሰያ ጋዝ መሙላትም ያቀዘቅዛል፤ ቢያፈስ ግን የሚፈሰው ሰው ወደተቀመጠበት ክፍል ነው።

ሁለቱ ጌጆች ምን ይናገራሉ?

ሰማያዊው ጌጅ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለሰውን ዝቅተኛ ግፊት፣ ቀዩ ከኮምፕሬሰሩ የሚወጣውን ከፍተኛ ግፊት ያነባል። አንዱን ብቻ አይቶ መፍረድ የአንድ ወገን ምስክር ሰምቶ እንደመፍረድ ነው።

ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ አንሷል፤ የጎደለውን ከመሙላት በፊት የወጣበትን መፈለግ ይቀድማል። በቅርቡ የተነካው መገጣጠሚያ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው፤ ኦሪንጉ (መገጣጠሚያውን የሚደፍነው የጎማ ቀለበት) አሮጌው ተመልሶ ይሆናል፣ ዘይት ሳይቀባ ተገጥሞ ተቆንጥጦም ይሆናል።

ሁለቱም ከፍ ካሉ ጋዝ በዝቷል፣ ወይም አየር ገብቷል፣ ወይም ኮንደንሰሩ ሙቀቱን መጣል አልቻለም። የመጨረሻውን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ፤ ኤሲው እየሠራ ኮንደንሰሩ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ቀዩ ቀስት ወዲያው ወርዶ ቅዝቃዜው ከተሻሻለ ችግሩ የአየር ፍሰት ነው። በአጨዳና በውቂያ ወራት በሰሜን ሸዋ መንገዶች ጭድ ከጫነ መኪና ኋላ የነዳ ሰው ኮንደንሰሩን በባትሪ ብርሃን ይመልከተው፤ በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል ጣት በማይገባበት ክፍተት ጭድና አቧራ እንደ ምርግ ተጋግሮ ይገኛል። ፋኑ ተቀይሮ ከሆነም ሽቦው ተገልብጦ ወደ ኋላ እየዞረ እንዳይሆን ወረቀት አስጠግቶ ማየት ይበቃል፤ ወረቀቱን ወደ ኮንደንሰሩ መሳብ አለበት።

ሰማያዊው ወደ ዜሮ ወርዶ ቀዩ ዝቅ ወይም መካከለኛ ከሆነ መንገዱ ተዘግቷል፤ ብዙውን ጊዜ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ወይም ድራየሩ ላይ ነው፣ የተዘጋበትም ቦታ በረዶ ያበጃል። ሰማያዊው ከፍ፣ ቀዩ ዝቅ ብሎ ሁለቱ ከተቀራረቡ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ እየዞረ አይጨምቅም፤ ያገለገለ ዕቃ «አዲስ» ተብሎ በሚሸጥበት ገበያ ይህ ብርቅ አይደለም።

ደጋው ላይ ሰማያዊውን ጌጅ ሲያነቡ ትንሽ ማስተካከያ ያስፈልጋል። ጌጅ የሚያነበው የውስጡ ግፊት ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ ኢቫፖሬተሩ በትክክል ዜሮ ዲግሪ ላይ እያለ በባሕር ጠለል 1.9 ባር የሚያሳየው ጌጅ ደብረ ብርሃን ላይ 2.2 ያሳያል። ይህች 0.3 ባር ትርፍ ጋዝ አይደለችም።

ኮምፕሬሰሩ ጨርሶ ባይነሳስ?

አስቀድሞ ሰዓቱን ማየት ነው። ውርጭ ባደረበት ጠዋት ጋዙ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ግፊቱ 2 ባር ገደማ ይወርዳል፤ ይህ ጋዝ ሲያልቅ ኮምፕሬሰሩን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ከሚቆርጥበት መጠን ጋር የተጠጋ ነው። መቆጣጠሪያው ብርዱን ከጋዝ ማለቅ ለይቶ አያውቅም። ረፋድ ላይ ከተነሳ ምንም አልተበላሸም።

ረፋድም እምቢ ካለ ፊውዙ፣ ሪሌው፣ ከዚያም በሥራው ጊዜ ተነቅሎ ሳይመለስ የቀረ ሶኬት ይታያል፤ የግፊት መቆጣጠሪያው ሶኬት ብዙ ጊዜ ይረሳል። ኮምፕሬሰሩን ከቺንጋው ጋር የሚያያይዘው ማግኔት መብራት እየደረሰው ካልያዘ፣ በማግኔቱና በፊቱ ባለው ሳህን መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቶ ሊሆን ይችላል፤ በብዙ ኮምፕሬሰሮች ላይ ክፍተቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙ አይርቅም። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ኮምፕሬሰሩ ሁልጊዜ ስለሚዞር የሚጠበቀው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከመጀመሪያውም የለም።

ጌጁ ሁሉ ደህና ሆኖ አየሩ ቢሞቅስ?

ኮፈን ከፍቶ ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ቱቦ መንካት ነው። ወፍራሙ ቱቦ ቀዝቅዞ ውሃ ካላበው መስመሩ ሥራውን ሠርቷል፤ ስህተቱ ከዳሽቦርዱ ሥር ነው። ቀዝቃዛውንና የማሞቂያውን አየር የምትለየው መዝጊያ ሙቁ ላይ ተጣብቃ ይሆናል፣ ወይም የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኖ ይሆናል።

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ጥያቄው እየተደጋገመ ነው። ከላይ ስለ አየር፣ ስለ እርጥበትና ስለ ሚዛን የተባለው ሁሉ ለእነሱም ይሠራል። ልዩነቱ ኮምፕሬሰሩ በቺንጋ ሳይሆን በብርቱካናማ ሽቦ በሚመጣ፣ ሰው በሚገድል ቮልቴጅ መዞሩ ነው፤ ያልሠለጠነ ሰው አይነካውም። ዘይቱም ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ልዩ ዓይነት ነው፤ የተለመደው ቢቀላቀልበት የኮምፕሬሰሩ የኤሌክትሪክ መከላከያ ይዳከማል። በብዙዎቹ ላይ ያው ጋዝ ባትሪውንም ስለሚያቀዘቅዝ፣ የኤሲ ብልሽት የባትሪም ብልሽት ሊሆን ይችላል።

ደጋው ላይ ሆኖ እንዴት ይፈተናል? ሽቅብ ሲወጣስ ለምን ይጠፋል?

ጋራዡ ደብረ ብርሃን ከሆነ ሙቀቱን መፍጠር ያስፈልጋል። መኪናውን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ላይ ማቆም፣ በሮቹን መክፈት፣ የውስጡን ፋን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሞተሩን በደቂቃ 1,500 ዙር ላይ ለአሥር ደቂቃ ማቆየት ነው። በእጅ መዳፍ ፈንታ ቴርሞ ሜትር አየር መውጫው ውስጥ ይሰካና ከውጭው አየር ጋር ይነጻጸራል፤ ውጭው 18፣ መውጫው 14 ከሆነ እጅ «በረዶ ነው» ይላል፣ ቴርሞ ሜትሩ ግን ኤሲው ገና እንዳልሠራ ይመሰክራል።

ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማበር ሲመለሱ የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ። በከባድ ማርሽ ዳገቱን ሲገፉ ሞተሩ ሲግል፣ ወይም ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ፣ ብዙ መኪኖች የሞተሩን ጉልበትና ጤና ለመጠበቅ ኮምፕሬሰሩን ራሳቸው ያጠፋሉ። ዳገቱ ሲያልቅና ሙቀቱ ሲረግብ ተመልሶ ከያዘ ኤሲው አልተበላሸም፤ ይልቅስ የራዲያተሩ ውሃና ፋን ይታይ።

የጣርማበር ዋሻ አካባቢ ሲደርሱ ደግሞ ጉም ይኖራል፤ የፊት መስተዋቱም ከውስጥ በትንፋሽ ይሸፈናል። ያን ጊዜ ኤሲና ማሞቂያ አብረው ይከፈታሉ፤ ኢቫፖሬተሩ ከአየሩ ውስጥ ውሃውን ያጠነፍፋል፣ ማሞቂያው ያሞቀዋል፣ ደረቁ አየርም መስተዋቱን ያደርቃል። ኤሲው ደህና ከሆነ መስተዋቱ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከታች ወደ ላይ እየጠራ ይሄዳል፤ መኪናው ሲቆምም ከሥሩ ንጹሕ ውሃ ይንጠባጠባል። ያ ውሃ ከራዲያተር የፈሰሰ አይደለም፤ ቀለምም ሆነ ሽታ የለውም።